ድቤም አስተማሪ ይሻል

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። 

በሰኔ መጨረሻ ከተመራቂ ወንድሞቻችን አንዱ ገዋኔ ላይ ኒካሕ አሰረ። እኛም ከሠመራ ተነሥተን፣ ሎጊያንና ሚሌን አልፈን፣ ሁለት ሚኒባስ ሞልተን ሄድን። መንዙማውን የምናወጣው እኛ ነን ብለን ለሙሽራው ቃል ገብተንለት ነበር። ድቤዎቹ የጀመዓችን ናቸው፤ መቺዎቹም ሦስት የራሳችን ልጆች። ሦስቱም መምታት የተማሩት ከስልክ ነው፤ ቪዲዮ እየከፈቱ፣ በዶርም ውስጥ፣ ጠረጴዛና ትራስ እየደበደቡ። በጀመዓው ፕሮግራሞች ላይ ደጋግመን አጨብጭበንላቸዋል። ጎበዞች ናቸው ብለን እናምን ነበር።

መግሪብ ተሰገደ፤ ድንኳኑ ሞላ፤ መንዙማው ጀመረ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ገና እየተነሣ ነው። ምቱ እየፈጠነ፣ ጭብጨባው እየበረታ ሄደ። ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ሳለ፣ በስተኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከቦታቸው ተነሡ። በሰው መሃል ቀስ ብለው አልፈው መጡና መዳፋቸውን በመሃለኛው ድቤ ቆዳ ላይ አሳረፉ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ድቤው ዝም ሲል ሌሎቹም ግራ ተጋብተው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው የዒሻን አዛን የሰማነው። ግማሹ አልፎ ነበር። መስጊዱ ከድንኳኑ ሩቅ አይደለም።

የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆችም እዚያው ነበርን፤ ከሚያጨበጭቡት መካከል። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው በሦስቱ ልጆች ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ያፈርነው አንድ ላይ ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ በጀመዓችን ስብሰባ ላይ ሦስት ዓይነት አስተያየት ተሰማ። አንደኛው ወገን «ድቤውን ሸጠን ገንዘቡን ሶደቃ እናድርገው፤ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር» አለ። ሁለተኛው «ይህ የአባቶቻችን ባህል ነው፤ አንድ ቀን አዛን ስላልተሰማ ባህል አይጣልም» አለ። ሦስተኛው ወገን፣ ቁጥሩ ያነሰው፣ «ልጆቹ ሰው ዘንድ ሄደው ይማሩ» አለ። እኛ ከሦስተኛው ወገን ነን። ለምን እንደሆንን እናስረዳ።

በመጀመሪያ የዑለማኦችን ልዩነት ሳንሸፍን እንናገር። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤት ደፍ እየመቱ ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ) ገሠጿቸው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቀኑ ዒድ ነውና እንዲተዋቸው ነገሯቸው። በሩበይዕ ቢንት ሙዐወዝ (ረ.ዐ) ሠርግም ልጃገረዶች ደፍ እየመቱ በበድር የተሰዉ አባቶቻቸውን ያወሱ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ነቢዩ የነገን ያውቃሉ የሚል ቃል ባስገባች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያንን ትታ ወደ ቀድሞው እንድትመለስ አዘዟት። ምቱ ቀጠለ፤ የታረመው ቃሉ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከእነዚህና ከመሰል ሐዲሶች ተነሥተው ደፍን በኒካሕና በዒድ የፈቀዱ ዑለማኦች አሉ። ፈቃዱ ለሴቶች ብቻ ነው ያሉ አሉ፤ ለወንዶችም ያሰፉ አሉ። ደፍ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ቆዳ የተወጠረበት ነው፤ የእኛ አገር ከበሮ በአብዛኛው ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱን ማመሳሰል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። በመውሊድ ላይም የታወቀ ልዩነት አለ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም። ድቤን የማይቀበል ወንድም ወይም እህት ደሊል ይዞ ነውና ሊከበር ይገባል፤ ፕሮግራማችን ላይ ድቤ ሲመጣ ተነሥቶ ቢወጣ በክፉ ዓይን ልናየው አይገባም።

ነገር ግን የሚፈቅደውን አስተያየት የምንከተል ሰዎች «ይፈቀዳል» ካልን በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። የተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደፈለጉ የሚሠራ አይደለም። ንግድ ተፈቅዷል፤ ሆኖም ሚዛን የማያውቅ ሰው ገበያ ቢወጣ ሐራም ላይ ይወድቃል። ድቤም እንደዚያው ነው። ፈቃዱ ወሰን አለው፤ ወሰኑን ደግሞ እጅ መማር አለበት፤ ምክንያቱም በድንኳኑ ውስጥ፣ በጭብጨባው መሃል፣ ማቆም ያለበት እጅ ነው።

አሁን ወደ አዛውንቱ እንመለስ። ስማቸውን እንዳንጠቅስ ጠይቀውናል። ትውልዳቸው በባቲ በኩል ነው፤ በወጣትነታቸው ከባቲ በሚሌ በኩል ወርደው፣ በከባድ መኪና ረዳትነት ሠርተው፣ በመጨረሻ ገዋኔ መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ከፈቱ። ድቤ መምታት የተማሩት ገና ልጅ ሳሉ፣ በሐድራ ከአጎታቸው ጎን ተቀምጠው ነው። ከመካከላችን የሦስቱ ድቤ መቺዎች ቤተሰቦች ገዋኔ ስለሚኖሩ፣ ክረምቱን ሙሉ ከዓስር እስከ መግሪብ እየተፈራረቁ እሳቸው ዘንድ ተማሩ። እኛም ሁለት ጊዜ ሄደን አየን። «ኡስታዝ» ብለን ስንጠራቸው «እሱ ቁርኣን ለሚያቀራ ነው፤ እኔን አባባ በሉኝ» አሉን። ስለዚህ አባባ እንላቸዋለን።

አባባ ሦስቱን አንድ ላይ ለማስተማር እምቢ አሉ። ለእያንዳንዱ ለብቻው ግማሽ ሰዓት። ልጆቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ አብረን ብንማር ይቀለናል፣ ጊዜም ይቆጥባል ብለው ነበር። የአባባ መልስ ቀላል ነው፤ ሦስት ሰው አብሮ ሲመታ የደካማው ስሕተት በበረታው ድምፅ ይሸፈናል፤ ተማሪውም መምህሩም አይሰሙትም። እኛ ራሳችን በየፕሮግራሙ ያጨበጨብነው ለዚህ ሽፋን ኖሯል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ድቤ አልተነካም። ተማሪው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ሶለዋት ይሰጠዋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያለ በመዳፉ ጉልበቱን ይመታል። ከዚያ በኋላ ቢጫ ጄሪካን ገለባብጠው ሰጧቸው። ድቤው የመጣው በስተመጨረሻ ነው። በየደረጃው ፈተናው አንድ ነው። አባባ ተነሥተው ወደ አስፋልቱ ዳር ይወጣሉ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወጣና ከጅቡቲ የሚመለስ መኪና እያገሣ በሚያልፍበት ቦታ ይቆማሉ። ተማሪው ውስጥ ሆኖ እየመታ ያዜማል። ድቤው ተሰምቶ ቃሉ ካልተሰማ፣ እንደገና። ቃሉ ተሰምቶ ግን ቃላቱ እርስ በርስ ከተጋጩ፣ ምቱ ፈጥኗል ማለት ነውና አሁንም እንደገና። ከልጆቹ አንዱ ይህንን ፈተና ለማለፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት።

ቪዲዮውን የሚያስተምረው ሰው ወደ አስፋልቱ ዳር መውጣት አይችልም። ስልክ ያሳያል፤ አይሰማም። ልጆቹ ከቪዲዮ የያዙት ነገር ውሸት አልነበረም። መሃሉን በሙሉ መዳፍ ሲመቱት «ዱም»፣ ጠርዙን በጣት ሲመቱት «ጣ» እንደሚል በትክክል ያውቁ ነበር። ቅንብሩንም አሳምረው ይዘውታል። ያልያዙት ነገር እጃቸው ከባድ መሆኑን፣ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁልጊዜ እንደሚፈጥኑ፣ ሰው ሲያጨበጭብላቸው ማዳመጥ እንደሚያቆሙ ነው። ይህን ሊነግራቸው የሚችለው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከልጆቹ አንዱ ከቪዲዮ «ከመምታትህ በፊት ቆዳውን እሳት አስጠጋው» የሚል ምክር ይዞ ነበር። ምክሩ እውነት ነው። በደጋ፣ ጤዛና ብርድ ቆዳውን ስለሚያላላው፣ እሳት ሲያዩት ይወጠራል፤ ድምፁም ይጠራል። ልጁ ይህንኑ ገዋኔ ላይ፣ በቀትር፣ በደረቅ ሙቀት አደረገው። ቀድሞውኑ በፀሐይ የተወጠረው ቆዳ ተሰነጠቀ። አባባ ሲነገራቸው ሳቁ። ባቲም ሳሉ ከደጋ የመጡ መቺዎች ይህን ሲያደርጉ አይተዋል። በቆላ፣ ደረቁ ወራት ላይ፣ ድቤ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ በጣም ከጮኸ ቆዳው በእርጥብ ጨርቅ በስሱ ይታበሳል። የካርማ ዝናብ ዘንቦ አየሩ ሲረጥብ ብቻ ነው እሳት የሚያየው። ይህንን የሚያውቅ ሰው ገዋኔ መንገድ ዳር ጎማ እየለጠፈ ተቀምጧል፤ እኛ ግን በአጠገቡ በመኪና ስናልፍ ኖረናል።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። የሃይማኖታችን ዕውቀት እዚህ አገር የደረሰው ሰው ከሰው ፊት ተቀምጦ ነው። ደረሳው ቤቱን ትቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ሸኹ ወዳሉበት ይሄዳል፤ ኪታቡን ፊታቸው ያቀራል፤ ሸኹ «በቃህ» ሲሉት ነው ለሌላ የሚያስተምረው። ኢጃዛ የምንለው ይህ ነው። ኪታብ እያለ ለምን ሸኽ አስፈለገ ብሎ የጠየቀ ደረሳ አልሰማንም። ፊደሉን ማንበብና ነገሩን መቅራት እንደሚለያዩ ሁሉም ያውቅ ነበር።

መንዙማም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው። በወሎ የመውሊድ ስብስብ ሲነሣ ጀማ ንጉሥና ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ አብረው ይነሣሉ፤ እኚህ ዓሊም ከዚህ ዓለም ከተለዩ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። ከእሳቸው በኋላ የመጡ መሻይኾች በዐረብኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መንዙማ ደረሱ፤ አማርኛውን ጭምር በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ለደረሶቻቸው አቆዩት። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በጻፉትና በ2001 (እ.ኤ.አ) በታተመው መጽሐፋቸው የእነዚህን ማእከሎች ታሪክ በሰፊው አሳይተዋል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ተውሒድን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ፣ ሶላትና ዘካን ከመንዙማ ነው የቀራው። እንግዲህ ድቤው በዚህ መሃል ያለው ቦታ ግልጽ ነው፤ ቃሉ ሰው ልብ እንዲገባ መንገድ ያሳያል። ቃሉን ከሸፈነ ግን ተማሪ የሌለው መድረሳ ሆነ ማለት ነው። ቅድም አንባቢ ይያዝልን ያልነው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሠርግ ቃሉን ያረሙት ቃሉ ስለተሰማ ነው። በእኛ ምሽት ግን የተሳሳተ ስንኝ ቢባል ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ወደ ሐረርም ብንሄድ ያው ነው። በሐረር ዚክሪ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው ተራ አላቸው፤ የሚያወጣ አለ፣ የሚቀበል አለ፣ ልጆች በዳር ተቀምጠው በዓመታት ይለምዱታል። የሐረሪዎች የሸዋል ዒድ በዓል (ሹዋሊድ) በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው በዓሉ ነው፤ በዓሉን ግን ያቆየው አባት ለልጅ፣ እናት ለልጅ በየቤቱ ማሳየታቸው ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ ስብሰባችን ላይ ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን እሱ ነውና። አባባ ዋጋ ጠየቁ። ለአንድ ግማሽ ሰዓት የጠየቁት አንድ ጎማ ለመለጠፍ ከሚያስከፍሉት አይበልጥም። ሆኖም ከመካከላችን «ለነቢዩ ውዴታ ለሚመታ ድቤ እንዴት ገንዘብ ይጠየቃል? ለአላህ ብለው አያስተምሩም?» ያሉ ነበሩ።

ይህ አባባል ከላይ ሲያዩት ኢኽላስ ይመስላል። እኛ ግን በሰው ላብ ላይ የተደረገ ኢኽላስ ነው እንላለን። ከዓስር እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት በገዋኔ መንገድ ሙቀቱ በረድ ብሎ መኪና የሚበዛበት፣ የጎሚስታ ሥራ የሚደራበት ሰዓት ነው። አባባ አንድ ልጅ ይዘው ሲቀመጡ ደጅ የቆመ ሾፌር ወደ ሌላው ጎሚስታ ይሄድባቸዋል። ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ደመወዙን ስጡ የሚለውን ሐዲስ በየኹጥባው እንሰማለን። ለእንግሊዝኛና ለኮምፒዩተር ማጠናከሪያ ስንከፍል ማንም ለአላህ አስተምሩን አላለም። ከአዛውንት ሰው ሲሆን ነው ዕውቀት ነፃ የሚመስለን። በዚህ ምክንያት ነው የሚያውቁት ሰዎች ሳያስተምሩ የሚያልፉት።

ክፍያው አስቀድሞ መቆረጡም ሌላ ጥቅም አለው። ልጁ ቀርቶ ቢያስቀር ያሳፍረዋል፤ መምህሩም ቢሰለቹ ይዘልቃሉ። ሁለቱም ለምን እንደተገናኙ ያውቃሉ። ምስጋናና ዱዓ ከዚያ በላይ ይጨመርበታል እንጂ በቦታው አይተካም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ይህ አይደለም። አንድ ወንድማችን በስብሰባው ላይ ተነሥቶ እንዲህ አለን፤ በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬት ሲንቀጠቀጥ ስንት ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ በሸራ ሥር አደረ፤ በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ በድርቅና በግጭት የተጎዳ ቤተሰብ ሞልቶ ሳለ እኛ ለድቤ ትምህርት ገንዘብ እንመድባለን? ይህ ወንድም ትክክል ነው። መልስ ፈልገንለት አላገኘንም፤ ስለዚህ ተቀበልነው። ከሶደቃ ሣጥን አንድ ሳንቲም ለድቤ አይወጣም። የትምህርቱ ክፍያ ከተማሪው ኪስና ለሠርግ ሲጠሩን ባለ ሠርጉ ከሚሰጠን ላይ ይውጣ። ይህ ካልበቃ ትምህርቱ ይቅር። ተቃውሞው ግን ባልተማረ እጅ መምታታችንን አይደግፍም፤ እንዲያውም ገንዘብ ከሌለን ድቤውንም እንተወው ነው የሚለው።

ሌላም ለመናገር የከበደን ነገር አለ፤ ስለ እህቶቻችን ነው። ከላይ ያነሣናቸውን ሐዲሶች ተመልሳችሁ ብታዩ ደፍ የመቱት ልጃገረዶች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ከዑለማኦች ዘንድ ሰፊ ፈቃድ ያለው ለሴቶች በሠርግ ነው። በአገራችንም በሴቶች ወገን ከበሮ የሚመቱት እናቶች ናቸው፤ በሐረርም በወሎም ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። በጀመዓችን ግን ሦስት ድቤ ገዝተን ሦስቱንም ለወንዶች ሰጠን። እህቶች ለሙሽሪት ወገን ፕሮግራም ሲያዘጋጁ ከስልክ በድምፅ ማጉያ ያጫውታሉ። ደሊሉ ለእነሱ ሰፊ፣ ልምዱ ለእኛ ሰፊ ሆነ። አባባ ዘንድ አይሄዱም፤ ተገቢም አይሆን ይሆናል። ነገር ግን በየሠፈሩ በየሠርጉ ከበሮ የሚመቱ እናቶች ሳይጠየቁ ቀርተው እንጂ ጠፍተው አይደለም። እነሱም እንደ አባባ ለብቻ፣ ለአንድ ለአንድ፣ ተከፍሏቸው ያስተምሩ።

ስለምንኖርበት አገርም አንድ ቃል እንበል። ብዙዎቻችን ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሌላም የመጣን ነን። አፋር ደስታውን በድምፅ፣ በእጅ ጭብጨባና በእግር ምት የሚገልጽበት የራሱ ጨዋታ አለው። በዚያ ሠርግ ላይ የሙሽሪት ዘመዶች ከመንዙማው በኋላ የራሳቸውን ዜማ ሊያወጡ ተዘጋጅተው ነበር፤ የእኛ ድቤ ግን ፋታ አልሰጣቸውም። ከልጆቹ አንዱ የአፋር ልጅ ነው። አባባ በጉልበቱ እንዲመታ ባዘዙት ጊዜ ጭብጨባውን ከሁሉም ቀድሞ ያዘው፤ ከልጅነቱ ያውቀዋልና። የእኛ «ጎበዝ» መቺ ጭብጨባ ላይ ወደ ኋላ ቀረ። እንግዳ ሆኖ መምታት የሚጀምረው ባለቤቱን በመስማት መሆኑን አባባ አልሰበኩንም፤ ግን ሁላችንም አየነው።

ውጤቱን ደግሞ ሳናጋንን እንናገር። ከሦስቱ አንዱ ከወር በኋላ ተወው። «ጄሪካን ልደበድብ አልመጣሁም» አለ፤ አሁንም ወንድማችን ነው። ሁለተኛው አሁንም በሦስተኛው ስንኝ ላይ ይፈጥናል። ሦስተኛው ብቻ፣ የአፋሩ ልጅ፣ ለብቻው እንዲመታ አባባ ፈቀዱለት። በመውሊድ ዕለት ገዋኔ ውስጥ በአንድ ቤት በተደረገ አነስተኛ ስብስብ ላይ አብረናቸው ነበርን። ሰው ጥቂት፣ ድቤው አንድ፣ ድምፁ ከበር አይወጣም። ስንኙ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ አንዱን ቃል ተሳስታችኋል ብለው አረሙን። ዒሻ ሊደርስ ሲል ልጁ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አላየም፤ አባባንም አላየም። ስንኙ ሲያልቅ እጁን በቆዳው ላይ አሳርፎ ተወው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዛኑ ወጣ።

ስለዚህ ለጀመዓችን የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በጀመዓው ስም በሠርግም ሆነ በሌላ ፕሮግራም ድቤ የሚመታ ሰው በሚያውቅ ሰው ዘንድ ለብቻው የተማረና ያ ሰው «በቃህ» ያለው ይሁን። ሁለተኛ፣ የመምህሩ ክፍያ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ምንጩም ሶደቃ አይሁን። ሦስተኛ፣ ከሦስቱ ድቤ አንዱ ለእህቶች ይሰጥ፤ ከእናቶች መካከል የምታስተምራቸውን ራሳቸው ይምረጡ። አራተኛ፣ ድቤ የሚኖርበት ፕሮግራም አስቀድሞ ይነገር፤ ይህን የማይቀበሉ ወንድሞችና እህቶች ሳይሸማቀቁ እንዲለዩ። አምስተኛ፣ ፈተና በደረሰበት ወር ድቤ አይነካ።

እነዚህን ማሟላት ካቃተን የመጀመሪያው ወገን ሐሳብ ይሻላል፤ ድቤዎቹን እንሽጣቸው። ያለ ድቤ የሚባል መንዙማም መንዙማ ነው፤ ሶለዋት ለማውረድ ቆዳ አያስፈልግም። አዛን የሚሸፍን ድቤ ይዘን ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወዳጆች ነን ማለት አንችልም።

ባለፈው ጁሙዓ ገዋኔ ስናልፍ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ቆምን። አባባ አንድ ከባድ መኪና ጎማ በብረት መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ወደ ጎማው አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ሞተሩን አላጠፋም። አባባ በእጃቸው አጥፋው ብለው ምልክት ሰጡት፤ አጠፋው። ከዚያ እንደገና መቱና አዳመጡ። በርጩማው ላይ ተራውን የሚጠብቅ አዲስ ልጅ ተቀምጦ ነበር።

አላህ የምንሰማ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።